የፊቱ ማርሽ እስኪመጣ

ልጄ ሪቡ ለፒካፑ ትልልቅ ጎማ ያስገጠመ ሰሞን ከእርሱ ይልቅ ያወራሁት እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን በር ላይ፣ በሩዝ ማሳው ዳር፣ ማታ ማታ ንባብና ሒሳብ በምንማርበት ክፍል ሳይቀር «የሪቡን ጎማ አያችሁት? ወገቤ ሊደርስ ምንም አልቀረው» እል ነበር። ሴቶቹ «አየነው፣ አየነው» ይሉኛል። አንዷማ «ጎማውን እንኳ አይተነዋል፤ የቸገረን አንቺን ከጎማው ለይቶ ማየት ነው» ብላ ክፍሉን ሁሉ አስቃብኛለች። እኔም አብሬ ሳቅኩ። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቃጠላል።

ጎማው ለጌጥ አልተገዛም። ከሚሪ ከተማ ወደ ተራራችን የሚያወጣውን መንገድ የጠረጉት እንጨት ቆራጮች ናቸው። ግንድ የጫኑ መኪኖቻቸው በዝናብ ጊዜ የሚቆፍሩት ቦይ የትንንሽ መኪኖችን ሆድ መሬት ላይ ያስተኛል። ሪቡ ደግሞ የሚኖረው ሰውና ጭነት እያመላለሰ ነው፤ ሆዱ ከፍ ያለ መኪና ያስፈልገው ነበር። አሮጌዎቹን ጎማዎች ለወንድሜ ልጅ ለሉጉን ሰጠው። የሉጉን መኪና ጎማ እንደ እንቁላል ለስልሶ ነበርና ዘመድ እያለ ለባዳ አይሰጥም።

ችግሩ የታየው መጀመሪያ ሩዝ ጭኖ ሲሄድ ነው። ባዶውን እንደ ፈረስ ይጋልብ የነበረው መኪና ከነጭነቱ ዳገት ላይ ቆመ። ሞተሩ አቃሰተ፣ ፍሪሲዮኑ ጨሰ። ሪቡ ግማሹን ሩዝ አውርዶ በሁለት ምልልስ አወጣው። ቤት ሲመለስ ራቱን አልበላም።

«ጎማ ሲያድግ እርምጃው ይረዝማል እማ» አለኝ። «ሞተሩ ግን ያው ነው። ጉልበቱ አይበቃውም።»

ይህ ገባኝ። ቅርጫት ሙሉ ሩዝ በጀርባዬ ይዤ ዳገት ስወጣ እግሬን አሳጥሬ ነው የምራመደው። ሸክም ይዞ መንጠራራት ጉልበት ይጨርሳል። እግሩ የረዘመ መኪናም እርምጃውን የሚያሳጥርለት ሌላ ማርሽ ዲፈረንሻሉ ውስጥ መግባት አለበት።

ሚሪ ወርደን ሊያው ከሚባለው መካኒክ ዘንድ ስንሄድ አብሬው ነበርኩ። ሊያው የጎማውን ቁመት ለካና «በፋብሪካው ማርሽ ከሞተሩ የሚመጣው ዘንግ አራት ዙር ከትንሽ ሲዞር ነው ጎማው አንዴ የሚዞረው። ለዚህ ጎማ አይሆንም» አለ። «ቁጥሩ ከፍ ሲል መኪናው ይበረታል፣ ግን ይዘገያል። ምረጥ።»

ሪቡ መካከለኛውን ፈለገ፤ አስፋልት ላይ ሰው እንዳይቀድመው። እኔ ደግሞ ከሁሉም የሚበልጠው ቁጥር ስንት እንደሆነ ጠየቅኩ።

«አምስት ነጥብ ሁለት ዘጠኝ» አለ ሊያው።

«እሱን አድርግለት።»

«እማ!»

ሊያው ሳቀ። «እናትህ ቢፈቀድላቸው ጎማውን አስወልቀው በእግርህ ይነዱሃል። አንተም አትቸኩል፣ እርሳቸውም አይጨነቁ። አራት ነጥብ ስምንት ስምንት ይሁን። ከጎማው እድገት ጋር የሚመጣጠነው እሱ ነው።»

ተስማማን። ነገር ግን ማርሹ በፊትም በኋላም የሚቀየር ሲሆን ሱቁ ውስጥ የተገኘው የኋላው ብቻ ሆነ። የፊቱ ማርሽ በመርከብ እየመጣ ነው ተባለ፤ ለአዲሷ የልጅ ልጄ ከምንደግሰው ድግስ በፊት አይደርስም። ሊያው የኋላውን ገጥሞ ሲጨርስ ጎማውና ዘንጉ ላይ በጠመኔ ምልክት አደረገ። መኪናውን ገፉት። ጎማው አንድ ዙር ሲሞላ ዘንጉ አምስት ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ከዚያ ሊያው መሬት ላይ እንደተቀመጠ ሪቡን በጠመኔው ጠቆመው።

«አሁን የኋላ እግሮችህና የፊት እግሮችህ እርምጃቸው አንድ አይደለም። በኋላው ብቻ ንዳ፣ ችግር የለም። የፊቱን ካስገባህ ግን ፊቱ ልሩጥ ይላል፣ ኋላው ቀስ ይላል፣ መሃል ያለው ብረት ይበጣጠሳል። ዳገት ላይ ከሆንክ ደግሞ ከብረቱ በኋላ የሚሰበረውን እኔ አልነግርህም።»

ሪቡ ራሱን ነቀነቀ። እኔ የሰማሁት ግን እያንዳንዱን ቃል ነው።

በእኛ ዘንድ ሴት ስትወልድ በልጇ ስም ትጠራለች። እኔ ሲና ሪቡ ነኝ፣ የሪቡ እናት። የልጅ ልጅ ሲመጣ አያት ሌላ ስም ትወስዳለች። ይደገሳል፣ ስሙ በሰው ፊት ይጠራል፣ እንግዶቹ ምስክር ይሆናሉ። ባሌ በሕይወት ስለሌለ ስሙን የምመርጠው ብቻዬን ነበር። የመረጥኩት የቅድመ አያቴን ስም ነው፤ ተፑን ራን። ሰዎች እስከ ዛሬ ያነሷታል። እንግዳ ይመጣል ሲባል ሸክሙን የሚቀበሉ ሰዎች እስከ ወንዙ ድረስ ትልክ ነበር ይላሉ፤ ቤቷ እግሩ ደክሞት የገባ ሰው የለም። ያንን ስም ልወስድ ከሆነ የምራቴ ወላጆች ደጄ በክብር መድረስ ነበረባቸው። እነርሱ ኢባን ከሚባል ሌላ ሕዝብ ናቸው፣ ታች ወንዙ ዳር የሚኖሩ። የምራቴ ስም ለንያ ስለሆነ አባትየው አፓይ ለንያ፣ እናትየው ኢንዳይ ለንያ ይባላሉ። ወደ ተራራችን ወጥተው አያውቁም።

ከሊያው ጋራዥ ደጃፍ ላይ ሪቡን አልኩት፦

«ሉጉን ያምጣቸው። ለድግሱ ሩዝና ዶሮ መውረዱ አይቀርም።»

«አማቶቼን ሌላ ሰው ያምጣቸው? በገዛ አሮጌ ጎማዬ?»

«ያ ጎማ ይወጣል፤ ያንተ አይወጣም።»

«በደረቅ ይወጣል። የኋላው ማርሽ ተቀይሯል እኮ። ዝናብ ካልዘነበ የፊቱን መንካት አያስፈልገኝም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እማዬ፣ ለማንም አትናገሪ። ሁለቱንም አስቀይራለሁ ብዬ ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ።»

መቼ እንደነገራቸው አልጠየቅኩም። እኔም ከመውረዳችን በፊት ለመንደሩ ሁሉ እንዲሁ ብዬ ነበርና።

በማግስቱ ጠዋት እዚያው ሚሪ እንግዶቹን ተቀበልን። አፓይ ለንያ ከሪቡ ጎን ተቀመጠ። እኔና ኢንዳይ ለንያ ከኋላቸው ተቀመጥን፤ የለንያ አክስቶች ከኋላ የጭነቱ ካሶኒ ላይ ሸራ ስር ሆኑ። ኢንዳይ ለንያ ጭኗ ላይ አንድ ጥቅል ይዛለች። ለሕፃኗ በእጇ የሸመነችው ጨርቅ ነው፤ ቀይና ቡናማ፣ ጥለቱ እንደ ሐረግ የሚጠላለፍ። ስሟ ሲጠራ ሕፃኗ የምትታቀፈው በእርሱ ነው። ገለጥ አድርጋ ካሳየችኝ በኋላ መልሳ ጠቀለለችው።

አፓይ ለንያ በወጣትነቱ የግንድ መኪና ሾፌር ነበር። ይህን ሪቡም እኔም አናውቅም ነበር። ገና አስፋልቱን ሳንጨርስ ዳሽቦርዱን መታ መታ አደረገው።

«ጎማው ጥሩ ነው። ማርሹስ? ስንት አደረግከው?»

«አራት ነጥብ ስምንት ስምንት፣ አባቴ።»

«ብልህ ነህ። ፊትም ኋላም?»

ሪቡ መሪውን ያዝ አደረገ። «ፊትም ኋላም።»

አፓይ ለንያ ወደ እኔ ዞረ። «አየሽ አማቴ፣ ልጅሽ ሙሉ ሰው ነው። ስንቱ አለ ጎማ ቀይሮ ማርሹን የሚረሳ! እግሩን ታጥቦ ፊቱን የማይታጠብ!»

ካሶኒው ላይ ያሉት ሳይቀሩ ሳቁ። እኔ ለኢንዳይ ለንያ ውኃ አቀበልኳት፤ ጠማኝ አላለችም ነበር። ከዚያ ጀምሮ የማየው ሰማዩን ብቻ ሆነ። ኢንዳይ ለንያ ስለ ሕፃኗ ትጠይቀኛለች፤ ጥርስ አወጣች? ሌሊት ትተኛለች? እኔ እመልሳለሁ፣ ዓይኔ ግን ደመና ላይ ነው። በልቤ «ዛሬን ብቻ፣ ጌታዬ፣ ዛሬን ብቻ» እላለሁ። ለውሸት ብዬ ፀሐይ መለመኔ ነበር።

ዝናቡ የመጣው እንጨት ቆራጮቹ ሰፈር ምሳ በልተን ከተነሣን በኋላ ነው። መጀመሪያ ካፊያ ነበር። የጎሽ አንገት ወደምንለው ዳገት ስንደርስ ግን መጥረጊያው መስታወቱን ማጥራት አቃተው። የጎሽ አንገት በግራው ገደል ግድግዳ፣ በቀኙ ገደል አፍ ነው፤ መሬቱ ቀይ ሸክላ፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና።

ሪቡ በዝግታ ገባበት። አዲሱ ማርሽ ሥራውን ሠራ፣ ሞተሩ አላቃሰተም። ግማሽ ድረስ ወጣን። ከዚያ የኋላ ጎማዎቹ ባሉበት መሽከርከር ጀመሩ።

«አሁን አራቱንም አስገባ ልጄ» አለ አፓይ ለንያ።

«ይወጣል አባቴ፣ ቆይ።»

ጭቃው ከኋላ ተረጨ፣ አክስቶቹ ላይ። «ሹፌር፣ ልብስ አጠባው ከዋጋው ጋር ነው ወይ?» አለች አንዷ። ሌሎቹ ሳቁ። መኪናው ትንሽ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ ተንሸራተተ። ሳቁ ቆመ።

«ምን ትጠብቃለህ? አስገባ! ፊቱ አይሠራም እንዴ?»

«ይሠራል!»

«ታዲያ ሚስትህን ልታስፈቅድ ነው? አስገባ!»

የሪቡ ጆሮ ሲቀላ ከኋላ ሆኜ አየሁት። ልጅ ሆኖም ሲያፍር መጀመሪያ የሚቀላው ጆሮው ነበር። እጁ ወደ ትንሹ ማርሽ መለወጫ ሄደ። ሊያስገባው ነው። ብረቱ ቢበጣጠስ፣ ገደል ቢጠራን፣ «ዋሽቼ ነበር» ከማለት ይቀለዋል። ልጄን አውቀዋለሁ። እኔ ነኝ ያሳደግኩት።

በወንበሮቹ መሃል ተንጠራርቼ እጁን ከነመለወጫው ያዝኩት።

«አታስገባ።»

«እማ፣ ልቀቂኝ።»

«ፊቱ አልተቀየረም» አልኩ። የተናገርኩት ለሪቡ አይደለም። ለአፓይ ለንያ ነው።

አፓይ ለንያ ሪቡን አየው፤ ከዚያ ዞሮ እኔን አየኝ። ጠዋት ሙሉ አማቴ፣ አንቺ ሲለኝ የዋለ ሰው፣ «እርስዎም ያውቁ ነበር?» አለኝ።

«አውቅ ነበር።»

ፍሬኑን አጥብቀህ ያዝ አለው ሪቡን። ወርዶ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አደረገ፣ ሚስቱን በእጁ ይዞ አወረዳት፣ አክስቶቹን አንድ በአንድ አወረደ። ሁሉም የክት ልብሳቸውን ለብሰዋል። ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ዳገቱን በእግራቸው ተያያዙት። ማንም አልተሳደበም። ቢሳደቡ ይሻለኝ ነበር።

ኢንዳይ ለንያ ጥቅሉን ደረቷ ላይ አቅፋ ስትንገዳገድ «ስጪኝ፣ እኔ መንገዱን ለምጄዋለሁ፣ ሸክሙ ለእኔ ይሁን» ብዬ ለመንኳት። ቅድመ አያቴ ሸክም ተቀባይ ትልክ አልነበረም? ሰጠችኝ። ብዙ አልሄድኩም። አንድ የዛፍ ሥር ላይ እግሬ ከዳኝና በደረቴ ወደቅኩ፤ ጥቅሉ ከእጄ ወጥቶ ተፈታ። ጨርቁ ቀዩን ጭቃ ሲጠጣ አየሁት።

«ተነሺ፣ ጨርቅ ነው» አለች ኢንዳይ ለንያ። ጨርቅ ነው ብትልም በዝናቡ አጠበችው፣ ጨመቀችው፣ እንደገና አጠበችው። እኔ ጭቃው ውስጥ እንደተንበረከክኩ ቀረሁ።

የሞተር ድምፅ ከታች መጣ። ሉጉን ነው፣ ዶሮና የለስላሳ ሣጥን ጭኖ። ከሪቡ መኪና ኋላ አቁሞ በእግሩ ወጣና እኔን አገኘኝ።

«አክስቴ፣ ምን ጠፍቶሽ ነው ጭቃ ውስጥ የምትፈልጊው?» አለ። ከዚያ የኢንዳይ ለንያን እጅ፣ የያዘችውንም አየ። ቀልዱን ዋጠው። «ኑ፣ ትልልቆቹ ጋቢና ግቡ። ዶሮዎቹ ትንሽ ይጠጋጋሉ።»

በሪቡ መኪና ጎን አልፎ ዳገቱን ሲወጣ አየሁት። ሆዱ መሬቱን ይፍቃል፣ ቦዩን ይዘላል፣ አራቱም እግሮቹ እኩል ይረግጣሉ። የሪቡ አሮጌ ጎማዎች ናቸው። አንዱ ላይ ሪቡ ድንጋይ ገጭቶ የቦጨቀው ምልክት እስካሁን አለ። አናቱ ላይ ደርሶ ገመድ ወረወረና የእኛንም ጎትቶ አወጣ። ሪቡ መሪውን ይዞ ፊት ለፊት ብቻ ያይ ነበር።

በድግሱ ቀን የጎደለ ነገር አልነበረም። ጎሽ ታርዷል፣ ሩዙ በቅጠል ተጠቅልሎ ተደርድሯል፣ ከየመንደሩ ሰው መጥቷል። ሕፃኗ በዚያ ጨርቅ ታቅፋ ስሟ ተጠራ። ጭቃው የነበረበት በኩል ወደ ውስጥ ታጥፏል። የታጠፈበትን የማውቀው እኔና ኢንዳይ ለንያ ነን።

ከዚያ ሽማግሌው ባላንግ ድምፅ ማጉያውን ይዞ «አሁን ደግሞ አያትየዋ! ሲና ሪቡ፣ ተነሺ፣ ስምሽን አሰሚን» አለ።

ተነሣሁ። ስሙ ምላሴ ላይ ነበር። አፓይ ለንያና ኢንዳይ ለንያ ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል፤ ምስክሮቼ እነርሱ ናቸው። እግራቸው ደክሞት ደጄ የገቡት እነርሱ ናቸው።

«ይቆየኝ» አልኩ።

«ምን ይቆየን? ጎሹ እኮ ተበልቷል!» አለ ባላንግ። ሰው ሳቀ።

«እንግዶቼን እንደሚገባ አላመጣኋቸውም። የፊቱ ማርሽ መጥቶ፣ ተገጥሞ፣ እነርሱ በደህና ተመልሰው እስኪወጡ ስሜ ይቆየኝ።»

ከዚያ ከሴቶቹ መሃል፣ ያቺው የክፍላችን ሴት፣ «እንግዲህ ልጅቷ ዕቃው ከመርከብ እስኪወርድ አያት የላትም ማለት ነው?» አለች። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ባላንግ ሳይቀር ዓይኑን ጠረገ። «በታሪካችን ስሟን መካኒክ የያዘባት የመጀመሪያዋ አያት!» አለ።

እኔም ፈገግ ለማለት ሞከርኩ። ትክክል የሠራሁ መስሎኝ ነበር፤ የማይገባኝን ስም አልወሰድኩም ብዬ። ዞር ስል ሪቡን አየሁት። ትሪ ሙሉ ሩዝ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ጆሮዎቹ ቀልተዋል። ያን ጊዜ ገባኝ። አዲስ ስም ካልወሰድኩ ሰው ሁሉ ሲና ሪቡ እያለ ይጠራኛል። ሲና ሪቡ፣ ስምሽ መጣ? ሲና ሪቡ፣ መርከቡ ደረሰ? እኔን በጠሩ ቁጥር የሚጠራው የእርሱ ስም ነው። ሁለታችን የዋሸነውን ለእርሱ ብቻ አሸከምኩት። መልሼ ልነሣ አስቤ ነበር፤ ባላንግ ግን ወደ ጸሎቱ አልፏል።

እንግዶቹን ወደ ታች የመለሳቸው ሉጉን ነው።

የፊቱ ማርሽ መጣ። ሪቡ ራሱ አመጣው፣ ራሱ ገጠመው፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ከአስፈላጊው በላይ አላናገረኝም። ሲጨርስ ግን እቤት መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ጠመኔ አለሽ?»

ከትምህርት ቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት። ጎማዎቹ ላይ፣ ሁለቱም ዘንጎች ላይ ምልክት አደረገ። እርሱ ገፋ፣ እኔ መሬት ላይ ተኝቼ ዘንጎቹን አየሁ። ኋላው አምስት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆመ። ፊቱም አምስት ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ቆመ።

«እኩል ናቸው» አልኩት ከስር ሆኜ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ድገመው ካልክ ድገመው።»

ደገመው። እኩል ነበሩ። እንደተኛሁ «ሪቡ፣ አዳራሹ ውስጥ ያን ማለት አልነበረብኝም» አልኩት።

«ተነሺ እማ፣ መሬቱ ይበርድሻል» አለ።

ከዚያ እዚያው አጠገቤ ቆሞ ለአፓይ ለንያ ደወለ። ሁለቱም እንደተቀየሩ፣ ሊወስዳቸው መውረድ እንደሚፈልግ፣ እናቱ እየጠበቀቻቸው እንደሆነ ነገረው። አዳመጠ። «እሺ አባቴ» አለ፣ ስልኩን ዘጋ።

«ምን አለ?»

«ለልጅ ልጃቸውና ላንቺ ሲሉ ይመጣሉ።» ጠመኔውን በጣቶቹ መሃል አዞረው። «ሉጉን ከነዳ።»

እጁን ልይዘው ፈልጌ ነበር፤ በግራሶ የተነከረ ስለሆነ ይሁን ስለፈራሁት አላውቅም፣ አልያዝኩትም። ጠመኔውን መሬት ላይ አኖረና ወደ ሉጉን ቤት ሄደ። ከሩቅ ሲያወሩ አያቸዋለሁ። ሉጉን መጀመሪያ ሳቀ፣ ከዚያ መሳቁን ተወ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

በማግስቱ ጠዋት ሉጉን የሪቡን መኪና አስነሣ። ከጎኑ ያለው ቦታ ባዶ ነበር፣ ሪቡ ግን አልገባም። ካሶኒው ላይ ወጥቶ፣ ጀርባውን ለጋቢናው ሰጥቶ፣ አክስቶቹ የተቀመጡበት ቦታ ላይ ተቀመጠ።

«ሲና ሪቡ፣ ስምሽን ልናመጣልሽ ነው!» አለኝ ሉጉን በመስኮቱ።

ሪቡ ቀና ብሎ አላየኝም። መኪናው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ግን እጁን ትንሽ አነሣ።